ወንድሜን የጣለው የጥፍር ያህል ቁስል፦ «መርዙ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የመንዙ መምህር | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 1፡40

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ገብስ ዋጋ ነው። ዛሬ ግን ከወር በላይ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ ገበሬ ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ይኖራል። በኅዳር መጀመሪያ ገብስ ሲያጭድ ማጭዱ አንሸራተተውና ቅልጥሙን ጫር አደረገው። ቁስሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በጨው ውሃ አጠበው፣ በጨርቅ አሰረው፣ አጨዳውንም ጨረሰ። በማግስቱ ማታ እግሩን ያመው ጀመር። ወንድሜን የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም፤ በሬ ረግጦት የእግሩ ጣት ሲሰበር «ይድናል» ብሎ እርሻውን የቀጠለ ሰው ነው። ያን ሌሊት ግን «ቁረጡልኝ!» እያለ ጮኸ። ኩራዝ አቅርበን ስናየው እግሩ ላይ ምንም የለም። ጥቂት ቀላ ብሏል፣ ጥቂት አበጥ ብሏል፣ ሌላ የለም። እውነቱን ልናገርና እኔ ራሴ «ምን ነክቶት ነው? ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል?» ብያለሁ። አክስታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችው። እኔ ደግሞ ማስታገሻ መርፌ እንዲወጋ አደረግሁ። ለጥቂት ሰዓት አንቀላፋ። ተሻለው ብለን ሁላችንም ተኛን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ውሃ አለ። ለመቆም ሲሞክር ዞሮበት ወደቀ። ከሌሊት ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ደረቱና ሆዱ ፀሐይ እንዳቃጠለው ሰው ቀልቷል፤ ባቱ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጥቷል። በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው የደም ግፊቱ 80 በ40 ነበር። ግሉኮስ ሰቅለውለት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩን። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተው እግሩን ሲከፍቱት መግል አልነበረም አሉኝ፤ ከቆዳው ሥር የወጣው የዕቃ እጣቢ የመሰለ ውሃ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መልሰው ከፈቱት። በ19ኛው ቀን ወጣ። የባቱ ግማሽ የለም፤ እሱ ግን አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሁለተኛው ሳምንት የመዳፉ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ሲወርድ ደግሞ ሌላ በሽታ የመጣ መስሎን ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ «ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ መርዙ ነው። መርዙም እንደ እባብ መርዝ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱን ነው ያስነሣበት» አለኝ። ሐኪሙ ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ ፊቱ ይናገር ስለነበር መልሼ ለመጠየቅ አፈርሁ። ሰውነት በራሱ ላይ የሚነሣው እንዴት ነው? እኛስ ያን ሌሊት ምን ማየት ነበረብን?


ሲስተር ዘጣርማበር | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2፡25

መምህር፣ እንኳን ወንድምዎ ተረፈ።

ስለ መርዙ የሚያውቁት ይጻፉ። እኔ የሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ ምክንያቱም ለእሱ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ማየት የነበረባችሁን አይታችሁታል፣ ስሙን ብቻ ነው ያላወቃችሁት። የማያለቅስ ሰው አለቀሰ፣ እግሩ ላይ ግን ለዚያ ልቅሶ የሚበቃ ነገር አልነበረም። ምልክቱ ይኸው ነው። ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ሲበልጥ ጥፋቱ ከቆዳው በታች፣ ጡንቻን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ቆዳው የሚጠቁረው ኋላ፣ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ከተዘጋ በኋላ ነው። ቆዳው እስኪጠቁር የጠበቀ ሰው ቀኑን አሳልፏል።

በሥራዬ ላይ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ቀይ በሆነው ቆዳ ዙሪያ በእስክሪብቶ መስመር አሰምራለሁ፤ ሰዓቱንም አጠገቡ እጽፋለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀዩ መስመሩን አልፎ ከሄደ አምቡላንስ እጠራለሁ። ይህን ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ግን እንደ ወንድምዎ ያለ ሕመም ካለ መስመሩንም አልጠብቅም።

ስለ መርፌው ልውቀስዎት አልፈልግም፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ማስታገሻው በሽታውን ራሱ ያባብሳል ወይስ ምልክቱን ብቻ ይደብቃል የሚለው ገና ያከራክራል። መደበቁ ግን አያከራክርም፤ እናንተንም አስተኝቷችኋል።


አባ በርኖስ | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡02

ልጄ መምህር፣ አክስትህን አትናቅ። ምች ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ላብ ላይ ሆኖ፣ ቁስል ይዞ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ምች ይመታዋል። እኔ 70 ዓመት አልፎኛል፣ ዳማከሴ ያዳነውን በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ የዘመኑ ልጆች ለሁሉም ነገር ባክቴሪያ ትላላችሁ።


ሲስተር ዘጣርማበር | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡20

አባባ፣ እኔም ራሴ ከንፈሬ ሲቆስልና ራሴን ሲያመኝ ዳማከሴ እሸታለሁ፤ እናቴ ያስለመደችኝ ነው። ነገር ግን የደም ግፊቱ ወደ 80 የወረደ ሰው በዳማከሴ ሲድን እርስዎም አላዩም።


ኩበት ለቃሚ | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡31

ሲስተር፣ አባ በርኖስን እንዲህ ዝም ያሰኘ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም።


ባለ ማይክሮስኮፑ | ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 12፡50

መምህር፣ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሰውነት መከላከያ ሥርዓት አስተምራለሁ። ዛሬ ጠዋት ብርዱ እጄን ስላደነዘዘው የፊደል ግድፈት ካለ ይቅርታ።

ሐኪሙ የነገረዎት ልክ ነው። ባክቴሪያው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ይባላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰካካ ክብ ክብ ነገር ነው። ልጆችን ቶንሲል የሚያስይዛቸው፣ ፊታቸውን የሚያቆስላቸውም እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም። አንዳንዱ ዝርያ ግን ሱፐርአንቲጂን የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይረጫል። ስፔ ኤ፣ ስፔ ሲ፣ ስሜዝ እየተባሉ የሚጠሩ ከ10 በላይ ዓይነቶች አሏቸው። የሚገርመው፣ ስፔ ኤና ስፔ ሲን የሚሠራው ዘር የባክቴሪያው የራሱ አይደለም፤ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ይዞት የገባ ነው። ሌባ ሌላ ሌባ ቤት ገብቶ መሣሪያውን ረስቶ ሄደ እንበል።

ወደ ዋናው ነገር። ሰውነትን እንደ አገር ያስቡት። ቲ ሕዋስ የሚባሉት ወታደሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ እያንዳንዱ ግን ለይቶ የሚያውቀው ጠላት አንድ ነው። በደንቡ ከሆነ ጠባቂ ሕዋስ ጠላቱን ይውጠውና ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ አንዲት ቁራሽ በመዳፉ ይዞ ይወጣል። «ይህን የሚያውቅ አለ?» እያለ በወታደሮቹ መካከል ያልፋል። ከ10,000 ወታደሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ፣ «እኔ አውቀዋለሁ» ይላል። የሚዘምተው እሱና እሱን መሰሎች ብቻ ናቸው። ለአንድ የማጭድ ጭረት ይህ ይበቃል።

ሱፐርአንቲጂን ይህን ደንብ ሁሉ ይዘለዋል። አይቆረጥም፣ በመዳፍም አይያዝም። የጠባቂውን እጅ ከውጭ በኩል፣ የወታደሩን ደግሞ ከጎኑ ይይዝና ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ወታደሩ ጠላቱን ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን ምንም የለም። የሚይዘው በወታደሩ ጠላት መለያ ተቀባይ ላይ ያለውን የጎሳ ምልክት ስለሆነ፣ ያ ምልክት ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከ10,000 አንዱ መሆኑ ይቀርና ከአምስቱ አንዱ ይሆናል። የሐሰት ማኅተም የተመታበት የክተት አዋጅ ነው፤ አንኮበር ላይ ታውጆ አገር ሁሉ የሰማው።

ከዚያ የሚሆነውን የእኛ አገር ሰው ከመጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። ያለ ስንቅ የሰፈረ ሠራዊት የሚያራቁተው ባላገሩን ነው። የተነሡት ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞችን በገፍ ይለቃሉ። መልእክተኞቹ በልኩ ሲሆኑ ትኩሳት ያመጣሉ፣ ባክቴሪያውንም ያስገድላሉ። በገፍ ሲሆኑ የደም ሥሮች ግድግዳ ይላላል፤ ውሃው ከደም ሥር እየሾለከ ወደ ሥጋ ይገባል። ወንድምዎ ውሃ ውሃ ያለው፣ ሲቆም የወደቀው ለዚህ ነው። ደሙ ወደ ውጭ አልፈሰሰም፤ ውሃው ግን ከመንገዱ ወጥቶ በሰውነቱ ውስጥ ጠፋ። ሽንቱ የቀረው ኩላሊቱ ስለተጎዳ ነው፤ ይህ አንዳንዴ ግፊቱ ከመውረዱም ይቀድማል።

የደረቱ መቅላትና የመዳፉ መላጥም የዚሁ መርዝ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጆርጅና ግላዲስ ዲክ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ቀይ ሽፍታ የሚያወጣ የጉሮሮ በሽታ ያጠኑ ነበር። ባክቴሪያው ከተጣራ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ብቻውን ቆዳን እንደሚያቀላ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ 65 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ዴኒስ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ የ20 ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ፤ ልክ እንደ ወንድምዎ በትንሽ ነገር ጀምሮ ግፊታቸው የወረደ። ከመካከላቸው 30 በመቶው ሞተዋል። ከተመረመሩት የባክቴሪያ ናሙናዎች አብዛኞቹ ያንኑ የቀይ ሽፍታ መርዝ፣ ስፔ ኤን የሚሠሩ ነበሩ። ሱፐርአንቲጂን የሚለው ስም ራሱ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ከፊሊፓ ማራክና ከጆን ካፕለር ቤተ ሙከራ።

ክፍል ልገባ ነው። ጥያቄ ካለ ማታ እመለሳለሁ።


የአንኮበር ልጅ | ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 2፡15

ማብራሪያው ግሩም ነው፤ ግን በክተት አዋጁ ላይ አንድ እርማት አለኝ። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የከተተው ሰው አብዛኛው ስንቁን በራሱ አህያ ጭኖ ነው የሄደው። ያለ ስንቅ ሰፈረ የሚለው ለአንኮበር ሰው ጆሮ ይከብዳል።


ባለ ማይክሮስኮፑ | ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 6፡40

ተቀብያለሁ። የዐድዋውን አላልሁም፤ የሐሰቱን ነው ያልሁት። እውነተኛ አዋጅ ጊዜ ሰጥቶ ያስከትታል፣ ስንቅም ያስይዛል። የሐሰቱ ግን በአንድ ሌሊት ያስነሣል። ልዩነቱ ራሱ ያ ነው። ስላረሙኝ ምሳሌው ተሻለ።


ፋርማሲው በር ላይ | ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 8፡05

ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው፤ እናንተ በብርድ ስትንቀጠቀጡ እኛ ማራገቢያ ከፍተናል።

መምህር፣ ለወንድምዎ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ በአንድ ላይ ታዝዞለት እንደነበር እገምታለሁ። አንደኛው ፔኒሲሊን ወይም የእሱ ዘመድ፣ ሁለተኛው ክሊንዳማይሲን። ሰዎች «ለምን ሁለት? ገንዘብ ለመብላት ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አይደለም።

ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን በይፋ ድል ነሥቶ አያውቅም፤ ይህን ያህል ዓመት ተጠቅመንበት እንዲህ ማለት መቻላችን ራሱ ብርቅ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ፔኒሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲሠራ ጠብቆ ነው። ባክቴሪያው እጅግ ከበዛና ከታጨቀ መራባቱን ያቆማል፣ ግድግዳም አይሠራም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር ያጣል። ሃሪ ኢግል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ይህን በአይጦች ላይ አሳይቷል፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ፔኒሲሊኑ ያድናቸው የነበሩት አይጦች ይሞቱ ነበር። ክሊንዳማይሲን ደግሞ የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ ነው የሚያቆመው። መርዙም ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያው ገና ሳይሞት መርዝ ማምረቱ ይቆማል። አንዱ ሌባውን ይይዛል፣ ሌላው የጦር መሣሪያ ፋብሪካውን ይዘጋል። ክሊንዳማይሲንን ብቻውን የማይሰጡት እሱን የተላመዱ ዝርያዎች ስላሉ ነው።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ከብዙ ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚሰበሰብ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ጀርምንና መርዝን የሚይዝበት ፕሮቲን፣ በደም ሥር ይሰጣል። መርዙን በደም ውስጥ እንዲይዝ ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ጥቅሙም ባለሙያዎችን ገና አላስማማም። እኛ ጋ መጥቶ አይቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ምሬቴን ልናገር። የጤና መድን ደብተር የያዘ ገበሬ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ወረቀት ይዞ ከውጭ ይፈልጋል። በዚህ በሽታ እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ለልጁ ይህንኑ መድኃኒት ሲያፈላልግ ከአምስት ቤት ተመልሶ ነው እኔ ጋ የደረሰው።

ደግሞ ይህን አንብቦ ለቶንሲሉ ክሊንዳማይሲን ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው ከወዲሁ ይወቅ፤ ያለ ማዘዣ አልሸጥም።


ውስጥ ደዌ | ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 1፡10

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የተጻፈው ደኅና ነው፤ ነገር ግን ሱፐርአንቲጂንን ብቸኛ ተከሳሽ ማድረጉ አልተዋጠልኝም።

አንደኛ፣ ሱፐርአንቲጂን የሚሠራ ባክቴሪያ በብዙ ልጆች ጉሮሮ ውስጥ አለ። ሁሉም ለምን አይወድቁም? ሁለተኛ፣ የዚህ ባክቴሪያ ክፋት ብዙ ነው። ኤም ፕሮቲን የሚባለው ልባሱ ከገላው ሲቆረጥ ፋይብሪኖጅን ከሚባለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ነጭ የደም ሕዋሳትን ያስቆጣል፤ እሱም ብቻውን የደም ሥርን ያላላል። ሥጋውን የሚበሱ ስትሬፕቶላይሲን የሚባሉ መርዞች አሉ። ስፔ ቢ የሚባለው ደግሞ በስሙ የስፔ ኤ ወንድም ይመስላል እንጂ ሱፐርአንቲጂን አይደለም፤ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። የመምህሩ ወንድም ባቱን ያጣው በእነዚህም ጭምር ነው። ሠራዊቱ ብቻ አይደለም አገር ያጠፋው፤ ጠላትም ነበረ።

ቀዶ ሕክምናውን ደግሞ ማንም አላነሣውም። መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው፤ ደም ወደማይደርስበት የሞተ ሥጋ መድኃኒትም አይደርስም። ያን ሰው ያዳነው ከሁሉ በፊት ቢላዋው ነው፤ መልሰው መላልሰው መክፈታቸውም።


ባለ ማይክሮስኮፑ | ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 3፡45

ዶክተር፣ ልክ ነዎት። አስተማሪ ስሆን አንዱን ነገር ለማጉላት ሌላውን እጋርዳለሁ፤ ተማሪዎቼም ይህን ይነግሩኛል።

ሱፐርአንቲጂኑ ሥራ እንደሚሠራ እርግጠኛ እንድንሆን የሚያደርገን ግን የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ነው። ሁሉም ለምን አይወድቁም? ቀደም ሲል የጠቀስሁት የጠባቂው እጅ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ማላክ ኮትብና ባልደረቦቿ በዚህ ባክቴሪያ ክፉኛ የታመሙ ሰዎችን አነጻጽረው፣ አንዳንድ የእጅ ዓይነት ያላቸው ሰዎች ለከባዱ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደሚጠበቁ አሳዩ። መርዙ አንዱን እጅ አጥብቆ ይይዛል፣ ከሌላው ላይ ይንሸራተታል። ተራ አይጥ ላይ ሲሞከር እምብዛም የማይታመመውም ለዚህ ነው፤ የአይጥ እጅ አይመቸውም። ጠባቂ ሕዋሳቸው የሰው ዓይነት እጅ እንዲያበቅል የተደረጉ አይጦች ግን ይታመማሉ። ሌላው ከልጅነት ጀምሮ የተከማቸ አንቲቦዲ ነው፤ በጽኑ የታመሙት ላይ ሲለካ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚሁ አይጦች ሌላም ነገር አሳይተዋል። ስፔ ኤ የጠፋበት ባክቴሪያ አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ውስጥ መቀመጥ ያቅተዋል። መርዙ መጀመሪያ የተሠራው ሰው ለመግደል አይመስልም፤ ጉሮሮ ውስጥ በሰላም ለመኖር፣ ጠባቂዎቹን አደናግሮ ቤት ለመያዝ ነው። ቅልጥም ውስጥ ሲገባ ግን ያው ዘዴ ባለቤቱንም አከራዩንም ያጠፋል። ይህን ሳስብ አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ባለቤቴ ከአይጥና ከባክቴሪያ ሌላ ወሬ የለህም ትለኛለች።

መጠኑም ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኤም 1 ዩኬ ያሉትን ዝርያ ገለጹ፤ ከቀድሞው ዘመዱ ጋር ሲነጻጸር ዘጠኝ እጥፍ ያህል ስፔ ኤ ያመርታል። በዘር ቅጂው ላይ የታየው ለውጥ 27 ፊደል ብቻ ነው።


የሕፃን እናት | ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሁሉንም አንብቤ ፈራሁ። እኔ የ12 ቀን አራስ ነኝ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ቶንሲል ይዞታል፤ አማቴ እንጥሉ ወርዷልና ይቆረጥ ትላለች። ከዚህ በሽታ ጋር ይገናኛል ወይ? ለእኔስ ያሰጋኛል?


ሲስተር ዘጣርማበር | ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 4፡52

እንኳን ማርያም ማረችሽ እቴ። አትደንግጪ፤ ግን ቀልጥፊ።

እንጥሉ አይቆረጥ! እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ፤ በደምና በመግል ታፍነው የመጡ ሕፃናትን ተቀብያለሁ። ያልተቀቀለ ምላጭ በባክቴሪያ በተሞላ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከፍት ከላይ የተጻፈውን አንብቢው። ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ባክቴሪያ አይመጣም፣ በእሱ ዕድሜ ደግሞ ብዙም አይታይም፤ ከሆነ ግን በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን ይድናል። ሳይታከም ሲመላለስ ደግሞ በሌላ መንገድ ልብን ይጎዳል፤ የልብ በር ጠቧቸው በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ልጆችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለ አንቺ ልንገርሽ። አራስ ሴት ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ ባክቴሪያ ትጋለጣለች፤ ማኅፀኗ እንደ ተከፈተ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ ሐኪሞቹን እጃቸውን ያስታጠበው እናቶች በወላድ ትኩሳት እየሞቱበት ነው፤ ዋናው ገዳይ ይኸው ባክቴሪያ ነበር። ልጁን አፍንጫውን ጠርገሽ፣ አጉርሰሽ ስታበቂ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ በተለይ ገላሽን ከመታጠብሽና ንጽሕና መጠበቂያ ከመቀየርሽ በፊት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከምጥ የማይተናነስ የሆድ ሕመም፣ ወይም ማዞር ከመጣ የአራስ ቤት ደንብ ብለሽ አትቀመጪ። አማትሽን «አንድ ሲስተር ተቆጣች» በያት።


የሕፃን እናት | ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 9፡15

ባለቤቴ ወስዶት መድኃኒት ተሰጥቶታል። አማቴ አኩርፋለች፤ ገንፎውን ግን አልከለከለችኝም።


አባ በርኖስ | ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሌሊቱን አነበብሁት፤ የልጅ ልጄ ስልኩን እያጎላልኝ። የሐሰት ማኅተም ያልኸው ገባኝ፣ ልጄ። ሲስተር፣ በእስክሪብቶ ማስመሩን አስተምሪኝ፤ ከቀዩ ጠርዝ ላይ ነው ወይስ ራቅ አድርጎ?


ሲስተር ዘጣርማበር | ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልክ ጠርዙ ላይ ነው አባባ። ሰዓቱን መጻፍ እንዳይረሳ።


የመንዙ መምህር | ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 12፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፉን በሙሉ ለወንድሜ አነበብሁለት። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ነው ያዳመጠው። የክተት አዋጁ ጋ ስደርስ አስቆመኝና «ደግመህ አንብበው» አለኝ። ቢላዋው ጋ ስደርስ ዝም አለ።

የእኔ ጥፋት እንደሚያሳስበኝ ነግሬው ነበር፤ መርፌውን ያስወጋሁት እኔ ነኝና። ከዚያ ሌሊት የሚያስታውሰው መርፌውን እንዳልሆነ ነገረኝ። የሚያስታውሰው አንድ ሰው «ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል?» ሲል ነው። ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ወይም የማያውቅ መስሏል።

አሁን በምርኩዝ እስከ አውድማው ይሄዳል። በየሦስት ቀኑ ቁስሉ ይጠረጋል። አንድ የቀረን ጥያቄ አለ፤ ሚስቱ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልላ ከጎተራው ኋላ ደብቃዋለች። ይጣል ወይ?


ሲስተር ዘጣርማበር | ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 1፡05

ማጭዱ ምን አደረገ? ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው ሰው ላይ ነው፤ ጉሮሮውና ቆዳው ላይ። ማጭዱ በሩን ከፈተ እንጂ ያስገባው ራሱ ሰው ነው፤ ምናልባት የወንድምዎ የገዛ እጅ፣ ምናልባት ቁስሉን ያሰረለት ሰው። በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ይበቃዋል።


የመንዙ መምህር | ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 1፡30

ያሰርሁለት እኔ ነበርሁ።

ማጭዱን አጥበን በቦታው ሰቅለነዋል። እጀታው የወይራ ነው፣ የአባታችን ነበር።